የወርቃችሁን ካራት ራሳችሁ አንብቡ፣ ዋጋውንም ራሳችሁ አስሉ፦ ከቤት እስከ ወርቅ ቤት

ወርቅ ሊሸጥ ገብቶ "ይሄ ስንት ያወጣል?" ብሎ የጀመረ ሰው ገና በሩ ላይ ተበልቷል። ጥያቄው ራሱ "እኔ አላውቅም፣ አንተ ንገረኝ" ማለት ነው። ሰው የሚሸወደው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ቁጥሩን ሲያነብ፣ ግራሙን ሲያስመዝን እና ሂሳቡን ሲሠራ። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት የዓመታት ደሞዛቸውን አምባርና ሀብል አድርገው ይዘው የመጡ እህቶች እዚህ ላይ ሲጎዱ ማየት ያማል። ያ ወርቅ የላባቸው ዋጋ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ። መጀመሪያ ሳያጥቡ ማንበብ፣ ሳይፈትሹ ማስላት ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። ከሌላችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን አስፉት።
- እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። የወጥ ቤት ሚዛን ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች አይቆጥርም፤ ለወርቅ አይሆንም።
- ጠንካራ ማግኔት። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ጌጥ ደካማ ነው።
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና።
- ቀጭን ክር እና ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በቃል የያዛችሁት ቁጥር ወርቅ ቤት ስትደርሱ ይጠፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪና አታስነኩት። ከወርቁ ጋር የተቀላቀሉትን ብረቶች ይበላል፣ ጌጡንም ያዳክማል። የጥርስ ሳሙናም ይፍቃል። አሲድ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ለመፈተሽ አትሞክሩ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ጠብታው ቆዳ ያቃጥላል። ያንን ለባለሙያው ተዉለት።

ደረጃ 1፦ እጠቡት

ለብ ባለ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ሳሙና ጨምሩ። ጌጡን አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በብሩሹ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። መቆለፊያውን፣ የቀለበቱን ውስጥ፣ የጉትቻውን ዘንግ አትርሱ። ቅባትና ሎሽን የሚጠራቀመው ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። አለቅልቁና በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት።

ዕንቁ ወይም በሙጫ የተጣበቀ ፈርጥ ካለው አትዘፍዝፉት። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ማጠቢያው ገንዳ ላይም አትጠቡ፤ ጎድጓዳ ሳህን ተጠቀሙ። የጉትቻ ማያያዣ በፍሳሽ ከሄደ አይመለስም።

ደረጃ 2፦ ምልክቱን ፈልጉ

- ቀለበት፦ የውስጡ ገጽ ላይ።
- ሀብል፦ መቆለፊያው ላይ፣ ወይም ከመቆለፊያው አጠገብ ባለች ትንሽ ቅጠል መሳይ ነገር ላይ።
- አምባር፦ መቆለፊያው ምላስ ላይ ወይም በውስጥ በኩል።
- ጉትቻ፦ ዘንጉ ላይ ወይም ከጀርባው።
- መስቀልና ሌላ ተንጠልጣይ፦ ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ቀለበት ላይ ወይም ከጀርባው።

መብራቱን ከጎን አብሩበት። ቀጥታ ከላይ ከሆነ ብርሃኑ ያንጸባርቅና ጽሑፉ ይጠፋል። ጌጡን በቀስታ እያዟዟራችሁ እዩት።

*ካልተገኘስ?* አትደንግጡ። የአገራችን አንጥረኞች በእጃቸው የሠሩት አሮጌ ወርቅ ብዙው ቁጥር የለውም። ቀለበት ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ደግሞ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ነው። ዓመታት የተደረገ ጌጥም ቁጥሩ ይፋቃል። ቁጥር የለውም ማለት ወርቅ አይደለም ማለት አይደለም። ደረጃ 3ን እና 4ን አንብቡና ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን አንብቡ

ንጹህ ወርቅ 24 ካራት ነው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጁ 18ቱ ወርቅ፣ 6ቱ መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ብረት ነው። አንዳንዱ ጌጥ ላይ ካራቱ ይጻፋል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከ1,000 ስንቱ ወርቅ እንደሆነ፦

- 999 = 24 ካራት
- 916 = 22 ካራት
- 875 = 21 ካራት
- 750 = 18 ካራት
- 585 = 14 ካራት
- 417 = 10 ካራት
- 375 = 9 ካራት

አገር ቤት የምናውቀው በብዛት 18 እና 21 ነው። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው 21 እና 22 ይበዛበታል። ከአሜሪካ የሚላከው ብዙውን ጊዜ 14 ወይም 10 ካራት ነው፤ ከእንግሊዝ የሚመጣ 9 ካራት አለ። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ወፍራም ሰንሰለት ከእናታችሁ ቀጭን የ21 ካራት ሀብል ያነሰ ንጹህ ወርቅ ቢኖረው አይግረማችሁ። 583 የሚል ቀለበት ካጋጠማችሁ ደግሞ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጣ ሊሆን ይችላል። እዚያ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ቤት ይገኛል። እንደ 14 ካራት ቁጠሩት።

*ቁጥሩ ዐረብኛ ከሆነስ?* ከግብፅ ወይም ከሌላ ዐረብ አገር የመጣ ጌጥ ላይ ያጋጥማል። የእኛ ፊደል እዚህ ይረዳናል። በዐረብኛ አጻጻፍ 7 የእኛን "ሀ" ይመስላል፣ 8 "ለ"ን ይመስላል፣ 5 ደግሞ "ዐ"ን። ዜሮ ነጥብ ናት፣ 1 ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ስለዚህ "ለሀዐ" የሚመስል ነገር ካያችሁ 875 ነው፣ ማለትም 21 ካራት። "ሀዐ" እና ነጥብ ከሆነ 750 ነው። ዘንግና "ለ" ከሆነ 18 ነው። የሚነበበው እንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ጌጡን ገልብጣችሁ ከያዛችሁት ግን "ሀ" እና "ለ" ይቀያየራሉና መጀመሪያ ትክክለኛ አቅጣጫውን ለዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ 925 ወርቅ አይደለም። ብር ነው። ወርቃማ ቀለም ያለው 925 ጌጥ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። 800 ቁጥርም እንደዚሁ የብር ነው። 950 ከሆነና አጠገቡ "ፒቲ" የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ፕላቲነም ነው።

ደረጃ 4፦ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት አንብቡ

ብዙ ሰው 18 የሚለውን አይቶ ይደሰትና ቀጥሎ ያለውን አያነብም። ዋናው ግን እዚያ ነው።

- "ጂፒ"፣ "ጂኢፒ"፣ "ኤችጂኢ"፦ ቅብ ነው። ከላይ ስስ የወርቅ ሽፋን አለው፣ ውስጡ ሌላ ብረት ነው። "18ኬጂፒ" ማለት ሽፋኑ 18 ካራት ነው ማለት ብቻ ነው። በወርቅ ዋጋ አታስሉት።
- "ጂኤፍ"፦ ከቅብ የወፈረ ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ "1/20 12ኬ ጂኤፍ" ተብሎ ይጻፋል። ሂሳቡን ሥሩት፦ ከክብደቱ አንድ ሃያኛው ብቻ ወርቅ ነው፣ እሱም ግማሹ ብቻ ንጹህ ነው። 20 ግራም የሚመዝን አምባር ውስጥ ያለው ንጹህ ወርቅ ግማሽ ግራም ነው።
- "ኬፒ"፦ ይሄኛው ሰው ያለ ምክንያት የሚያዝንበት ነው። "14ኬፒ" ቅብ ማለት አይደለም። 14 ካራት ሆኖ ምንም ያልጎደለበት ማለት ነው። ቅብ መሆኑን የምታውቁት "ጂ" ስትጨመርበት ነው።

ሌላም ምልክት ታያላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ካራቱ ከተጻፈ የአምራቹ የንግድ ምልክት አብሮ መኖር አለበት፤ ሕጉ ያስገድዳል። የሕንድ ሥራ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ 22ኬ916 ዓይነት ጽሑፍ እና ባለ 6 ፊደልና ቁጥር መለያ ፈልጉ፤ ከ2023 ጀምሮ እዚያ ለሚሸጥ ጌጥ ግዴታ ሆኗል። የእንግሊዝ ከሆነ የፈተሸው ተቋም ምልክት ይኖረዋል፦ ለለንደን የነብር ራስ፣ ለበርሚንግሃም መልሕቅ።

በአንጻሩ፣ የሚታጠፍ ያልሆነ፣ ግትር፣ የሚያብለጨልጭ አምባር ላይ 24 የሚል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ንጹህ ወርቅ ለስላሳ ነው።

እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አንብቡ

ይሄን በራሳችን ቤት ተምረነዋል። እናቴ 32 ግራም የሚመዝን ሀብል ነበራት። መቆለፊያው ላይ 750 የሚል በግልጽ ተጽፏል። ልንሸጠው የሄድንበት ወርቅ ቤት ቁጥሩን አየና በ18 ካራት አስልቶ ዋጋ ነገረን። ሂሳቡ ከቁጥሩ ጋር ስለሚገጥም ልንስማማ ነበር። እናቴ ግን ሀብሉን አንስታ መቆለፊያውን በጥፍሯ እየነካች "ይሄ እኮ ተሰብሮ የተቀየረ ነው" አለች። ሌላ ቦታ ሄደን ሰንሰለቱን ለብቻው አስፈተሽነው። 21 ካራት ነበር። በ18 ካራት ሂሳብ 24 ግራም ንጹህ ወርቅ፣ በ21 ካራት ሂሳብ 28 ግራም። አራት ግራም ንጹህ ወርቅ በአንዲት የተቀየረች መቆለፊያ ምክንያት ሊሄድብን ነበር።

በተቃራኒውም ይሠራል። እውነተኛ የ18 ካራት መቆለፊያ ቅብ ሰንሰለት ላይ ገጥሞ የሚሸጥ ሞልቷል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለተጻፈበት ቁራጭ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ መዝኑ

ሚዛኑን ጠንካራና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡ። መስኮት ዝጉ፣ ፋን አጥፉ። 0.00 ሲል ጌጡን አስቀምጡ። ሦስት ጊዜ መዝኑና ጻፉ። ልዩነቱ ከ0.02 በላይ ከሆነ ሚዛኑ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ቦታው ይነቃነቃል።

ሚዛኑን ለማረጋገጥ ክብደቱ የታወቀ ሳንቲም ተጠቀሙ። የአሜሪካ 5 ሳንቲም 5 ግራም ነው። 1 ዩሮ 7.5 ግራም ነው። ከሁለቱ አንዱ ውጭ ከሚኖር ዘመድ ቤት አይጠፋም።

ፈርጥ ካለው ክብደቱን መቀነስ አለባችሁ። እዚህ ላይ "ካራት" የሚለው ቃል ሰው ያምታታል። የድንጋይ ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ከወርቁ ካራት ጋር ምንም አያገናኘውም። "የ2 ካራት ድንጋይ" ከተባለ ከጠቅላላው ላይ 0.4 ግራም ቀንሱ።

የተለያየ ካራት ያላቸውን ጌጦች አብራችሁ አትመዝኑ። ወርቅ ቤትም ሲያስመዝኑ ብዙ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ያፈሳል። ያኔ ሁሉም በዝቅተኛው ካራት ይታሰብላችኋል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ እውነት መናገሩን ቤት ውስጥ ፈትሹ

ቁጥር ማንም መምታት ይችላል። ስለዚህ ሦስት ቀላል ፍተሻ አድርጉ።

*ሀ) በዓይን።* ብዙ የሚፋተጉ ቦታዎችን በማጉያው እዩ፦ የቀለበት ጠርዝ፣ የሰንሰለት ቀለበቶች መገናኛ፣ የመቆለፊያ አፍ። ከሥር ቀይ ወይም ግራጫ ብቅ ካለ ቅብ ነው። አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ነጭ ወርቅ ከላይ ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ይቀባል። ሲፋቅ ቢጫ ቢጫ ይላል። ያ ጤነኛ ነው።

*ለ) በማግኔት።* ወርቅ በማግኔት አይሳብም። ጌጡ ከተሳበ ውስጡ ብረት አለ። መቆለፊያው ላይ ብቻ ትንሽ ከተሳበ ግን አትደንግጡ፤ ውስጧ ያለችው ሞላ የብረት ልትሆን ትችላለች። አለመሳቡ ደግሞ ወርቅነቱን አያረጋግጥም። መዳብ፣ ናስ፣ ብር፣ እርሳስ አንዱም አይሳብም። ማግኔት ሐሰተኛውን ሊያጋልጥ ይችላል፣ እውነተኛውን ግን አይመሰክርለትም።

*ሐ) በውሃ።* ከሦስቱ የሚታመነው ይሄ ነው።

1. ጌጡን ደረቅ እንዳለ መዝኑና ጻፉ።
2. ኩባያው ውስጥ ጌጡን የሚያሰጥም ውሃ አድርጉና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። የሚዛኑ አቅም እስከ ስንት ግራም እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ፤ ከአቅሙ በላይ አትጫኑ።
3. ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫኑ።
4. ጌጡን በክር አንጠልጥሉና ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት። ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ክሩን በእጃችሁ ያዙ።
5. ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ።
6. የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ።

አንድ አምባር ደረቁን 20.00 ግራም መዘነ እንበል። ውሃው ውስጥ ሚዛኑ 1.18 አሳየ። 20.00 ለ1.18 ሲካፈል 16.95 ገደማ ነው። ይሄ የ21 ካራት መልክ ነው። ውጤታችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- 24 ካራት፦ 19.3
- 22 ካራት፦ 17.6 እስከ 18
- 21 ካራት፦ 17 አካባቢ
- 18 ካራት፦ 15 እስከ 16
- 14 ካራት፦ 13 እስከ 14
- ብር፦ 10.5
- ናስ፦ 8.5 አካባቢ

*ውጤቱ እንግዳ ከሆነስ?* መጀመሪያ የአየር አረፋ ፈልጉ። ሰንሰለት ቀለበቶች መሃል አረፋ ይደበቃል፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ ጌጡን ነቅነቅ አድርጉት። አሁንም ካልተስተካከለ ጌጡ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር እውነተኛ ወርቅ ሆኖም ውጤቱ ዝቅ ይላል። ፈርጥ ያለበትም እንደዚሁ።

ከ10 ግራም በታች በሆነ ጌጥ ይህን ፍተሻ አትመኑት። 2 ግራም ቀለበት ውሃው ውስጥ የሚያሳየው 0.12 አካባቢ ነው። ሚዛኑ በ0.01 ከተሳሳተ 18 ካራቱ 21 ይመስላችኋል።

ደረጃ 7፦ ዋጋውን አስሉ

የዓለም የወርቅ ዋጋ በዶላር በወቄት (በአውንስ) ነው የሚነገረው። ወጥመዱ ይሄው ወቄት ላይ ነው። ለዕቃ መመዘኛ የሚያገለግለው ወቄት 28.35 ግራም ነው። የወርቅ ወቄት ግን 31.1035 ግራም ነው። በ28.35 ያካፈለ ሰው ወርቁን ወደ 10 በመቶ አስወድዶ ያሰላል። ከዚያ የሄደበት ወርቅ ቤት ሁሉ የሚያጭበረብረው ይመስለዋል።

ቅደም ተከተሉ፦

1. የዕለቱን የወቄት ዋጋ ለ31.1035 አካፍሉ። የ24 ካራት አንድ ግራም ዋጋ ታገኛላችሁ።
2. በካራታችሁ አባዙት፦ ለ22 በ0.916፣ ለ21 በ0.875፣ ለ18 በ0.75፣ ለ14 በ0.585።
3. በግራሙ አባዙት።
4. በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩት።

ለሂሳብ እንዲመቸን ብቻ ወቄቱ 3,110.35 ዶላር ነው እንበል። ግራሙ 100 ዶላር ይሆናል። የ21 ካራቱ ግራም 87.50፣ የ18 ካራቱ 75 ዶላር። 20 ግራም የ21 ካራት አምባር 1,750 ዶላር ነው። ያው አምባር "18 ነው" ከተባላችሁ 1,500 ይሆናል። በአንዲት ቃል 250 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ካራቱ ላይ ድርቅ በሉ የምላችሁ።

በብር ስታስሉ የዕለቱን ምንዛሪ ያዙ፣ ያለፈው ወር አይሠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ የወርቅ ዋጋ በብር ሲወጣ ወይ ወርቁ ጨምሮ ነው ወይ ዶላሩ፣ አንዳንዴ ሁለቱም። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋ ከሰማችሁም እሱ ከአምራቾች የሚገዛበት ነው፤ ለእጅ አምባራችሁ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ያገኛችሁት ቁጥር የወርቁ ሙሉ ዋጋ ነው። ገዢው ከዚህ ቀንሶ ነው የሚከፍላችሁ፤ ማቅለጥ አለበት፣ ማትረፍም አለበት። ይሄ ተገቢ ነው። የእናንተ ሥራ ምን ያህል እንደቀነሰ ማወቅ ነው።

ደረጃ 8፦ ወርቅ ቤት አስፈትሹ

በድንጋይና በአሲድ የሚፈትሽ ከሆነ ጌጡን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፣ በተረፈው መስመር ላይ አሲድ ያንጠባጥባል። ይሄ የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው የሚናገረው። "ወንድሜ፣ መቆለፊያውንም ሰንሰለቱንም ለየብቻ እይልኝ" በሉት። በማሽን የሚፈትሽ ከሆነም ማሽኑ የሚያነበው ላዩን ነው፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ እንዲያነብ ጠይቁ፣ ስክሪኑንም ራሳችሁ እዩ።

ጌጡ ከዓይናችሁ አይጥፋ። "ከጀርባ ልፈትሸው" ሲባል አብራችሁ ግቡ፣ ካልሆነ ውሰዱና ውጡ። ዋጋ ሳትስማሙ እንዲያቀልጥ ወይም እንዲቆርጥ አትፍቀዱ። የቀለጠ ወርቅ ይዞ መደራደር አይቻልም።

*እናንተ 21 ብላችሁ እሱ 18 ካለስ?* አትከራከሩ። አመስግናችሁ ውጡና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቦታ አስፈትሹ። እዚያ ስትሄዱ የመጀመሪያው ያላችሁን አትንገሩ። ሁለቱ ከተስማሙ ያንን ያዙ።

ደረጃ 9፦ ዋጋ ተነጋገሩ

የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ "የ21 ካራት አሮጌ ወርቅ ግራሙን ዛሬ በስንት ትገዛላችሁ?" ጌጡን ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁ። ሦስት ቤት ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ በደረጃ 7 ካገኛችሁት የግራም ዋጋ ጋር አስተያዩ። 87.50 ለሚያወጣ ግራም 80 ዶላር የሚያህል ብር ካቀረበላችሁ የቀነሰው 7.50 ነው። ልዩነቱ የሚታየው እንዲህ በግራም ስታወሩ ነው። በድፍን ዋጋ ካወራችሁ ይደበቃል።

"ለብየዳ"፣ "ለቆሻሻ" ተብሎ ግራም ሲቀነስ ስንት ግራም እንደሆነ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። የግራሙ ዋጋም ወርዶ፣ ግራሙም ተቀንሶ ከሆነ ሁለት ጊዜ እየተቀነሰባችሁ ነው።

አሮጌ በአዲስ ስትቀይሩ በጣም ተጠንቀቁ። "አሮጌሽን አምጪና ይሄን ጨምረሽ አዲሱን ውሰጂ" ሲባል ሁለት ሂሳብ አንድ ላይ ተቋጥሯል። የአሮጌው መግዣ፣ የአዲሱ መሸጫ። ፍቱት። መጀመሪያ "የእኔን ብቻ ብሸጥልህ ስንት ትከፍለኛለህ?" በሉ። ጻፉ። ቀጥሎ "አዲሱን በጥሬ ብር ብገዛ ስንት ነው?" በሉ። ጻፉ። ቀንሱ። "ጨምሪ" ከተባላችሁት ጋር ካልገጠመ የት እንደጎደለ ታያላችሁ።

ስትገዙ፦ ደረሰኙ ላይ ምን ይጻፍ

እነዚህ ለየብቻ ተዘርዝረው ካልተጻፉ አትክፈሉ፦

- ካራቱ
- የወርቁ ግራም፣ ከፈርጡ ክብደት ተለይቶ
- የዕለቱ የግራም ዋጋ
- የእጅ ዋጋ
- ተጨማሪ እሴት ታክስ

የእጅ ዋጋና ታክስ ስትሸጡ አይመለሱም። አገር ቤት ታክሱ 15 በመቶ ነው፣ ሳዑዲም 15፣ ዱባይ 5። ስለዚህ ለቁጠባ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ቀለል ያለ ሥራ ያለው፣ ፈርጥ የሌለው፣ ውስጡ ባዶ ያልሆነ አምባር ምረጡ። ብዙ ጥልፍልፍ ያለበት ሀብል ያምራል፤ የከፈላችሁለት ጥልፍልፍ ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። በዱባይ ሱቆች ስክሪን ላይ የሚታየው የግራም ዋጋ የእጅ ዋጋ አይጨምርም፤ ድርድሩ ያለው እጅ ዋጋው ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ተሟገቱ።

መንገድ ላይ "ወድቆ አገኘሁት፣ እንካፈል" ብሎ ወርቅ ከሚያሳያችሁ ሰው ጋር አንድም ቃል አትለዋወጡ። ቁጥር ቢኖረውም፣ ደረሰኝ ቢያሳያችሁም፣ ሌላ "መንገደኛ" መጥቶ እውነተኛ ነው ቢልም እለፉት። መንገደኛውም አብሮት ነው።

ደረሰኙን ፎቶ አንሱት። የደረሰኝ ወረቀት ቀለም ይጠፋል፣ ወርቁ ግን ሃያ ዓመት ይቆያል። ጌጡንም ሚዛን ላይ እንዳለ፣ ቁጥሩም ሲነበብ አንሱትና ከደረሰኙ ፎቶ ጋር ለምታምኑት የቤተሰብ ሰው ላኩ።